የሞተር ብስክሌት ጎማ ምርጫና ቅየራ፦ ፊዚክስ ምን ይላል?

ስለ ሞተር ብስክሌት ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ስለ ሞተሩ ነው። ስንት የፈረስ ጉልበት አለው? በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? ይባላል። ይሁን እንጂ ሞተሩ የቱንም ያህል ብርቱ፣ ፍሬኑም የቱንም ያህል አስተማማኝ ቢሆን፣ የሁለቱም ሥራ ወደ መንገዱ የሚደርሰው በአንድ ነገር በኩል ብቻ ነው። እርሱም ጎማው ነው። ጎማው መንገዱን ካልያዘ ሞተሩ በከንቱ ይሽከረከራል፤ ፍሬኑም መንኮራኩሩን ያቆማል እንጂ ተሽከርካሪውን አያቆምም።

በዚህ ጽሑፍ «ስፖርት ቱሪንግ» በመባል የሚታወቁትን ሞተር ብስክሌቶች ጎማ አመራረጥና በቤት ውስጥ የሚደረገውን ቅየራ እንመለከታለን። እነዚህ ሞተር ብስክሌቶች የስፖርት ሞተርን ቅልጥፍና ከረጅም ጉዞ ምቾት ጋር ለማጣመር የተነደፉ ሲሆኑ፣ በአብዛኛው በጃፓንና በአውሮፓ ተሠርተው በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ አውራ ጎዳናዎች የሚነዱ ናቸው። በእነዚያ አገሮች የእጅ ዋጋ ውድ በመሆኑ ጎማ መቀየሩን በየጋራዣቸው ራሳቸው የሚያከናውኑ ባለቤቶች ጥቂት አይደሉም። በአገራችን መንገዶች የምናያቸው ሞተር ብስክሌቶች በአብዛኛው ከእነዚህ ያነሱ ናቸው፤ ጎማ መቀየርም የጎሚስታ ሥራ ነው። ይህም ሆኖ ርዕሱን የመረጥነው በምክንያት ነው። አንድ ጎማ መንገድን አጥብቆ እንዲይዝ፣ ቶሎ እንዳያልቅና በዝናብ እንዳይከዳ በአንድ ጊዜ የሚጠየቀው እዚህ ላይ ነው። ጥያቄዎቹ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ፤ ግጭቱን ለመረዳት ደግሞ በክፍል ውስጥ የተማርነው ፊዚክስ ይበቃናል።

ከፖስትካርድ ያነሰ ቦታ

በመጀመሪያ አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። ሞተር ብስክሌቱ 250 ኪ.ግ.፣ ነጂው ከነልብሱ 80 ኪ.ግ. ይመዝናሉ እንበል። ድምሩን 330 ኪ.ግ. በመሬት ስበት ሽምጠጣ በ9.8 ስናባዛው ክብደቱ 3,234 ኒውተን ይሆናል። ሸክሙ ለሁለቱ ጎማዎች እኩል ቢከፈል ለእያንዳንዱ 1,617 ኒውተን ይደርሰዋል። የፊተኛው ጎማ የአየር ግፊት 2.5 ባር፣ ማለትም በካሬ ሜትር 250,000 ኒውተን ቢሆን፣ መንገዱን የሚነካው ስፋት 1,617 ለ250,000 ተካፍሎ 65 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በ2.9 ባር የተነፋው የኋለኛው ጎማ ደግሞ 56 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ይነካል። የጎማው ግድግዳ ራሱ ከሸክሙ ጥቂቱን ስለሚሸከም እውነተኛው ስፋት ከዚህ በመጠኑ ይለያል። ቢሆንም እያንዳንዱ የንክኪ ቦታ ከአንድ ሰው መዳፍ አይበልጥም፤ የሁለቱም ድምር ከአንድ ፖስትካርድ ያነሰ ነው።

በዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ምን እንደተንጠለጠለ ለመረዳት ሁለት ሞተር ብስክሌቶችን እናወዳድር። ሁለቱም በሰዓት 100 ኪ.ሜ. (በሰከንድ 27.8 ሜትር) ሲሄዱ በአንድ ቦታ ፍሬን ይይዛሉ። የመጀመሪያው ጎማ ከመንገዱ ጋር ያለው የሰበቃ ኮፊሸንት 0.9፣ የሁለተኛው 0.5 ነው። የማቆሚያው ርቀት የፍጥነቱ ካሬ ለ2፣ ለኮፊሸንቱና ለስበት ሽምጠጣው ብዜት ሲካፈል የሚገኘው ነው። የመጀመሪያው በ44 ሜትር ውስጥ ይቆማል፤ ሁለተኛው 79 ሜትር ያስፈልገዋል። ከዚህ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው በቆመበት ነጥብ ላይ ሁለተኛው ገና በሰዓት 67 ኪ.ሜ. ያህል እየተጓዘ ነው። በዚያ ነጥብ ላይ መንገድ የሚያቋርጥ ሕፃን ቢኖር ልዩነቱ የሞትና የሕይወት ነው።

ጎማ መንገድን የሚይዘው እንዴት ነው?

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰበቃ ኃይል በሁለቱ አካላት ንክኪ ስፋት ላይ እንደማይመሠረትና ከሚጫነው ኃይል ጋር በቀጥታ እንደሚመጣጠን ተምረናል። ይህ ሕግ ለብረትና ለእንጨት በሚገባ ይሠራል። ጎማ ግን ለሕጉ ሙሉ በሙሉ አይገዛም፤ ምክንያቱም ጎማ እንደ ጠጣር ቅርፁን የሚጠብቅ፣ እንደ ዝልግልግ ፈሳሽ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚፈስ ሁለት ጠባይ ያለው ቁስ ነው።

የጎማ አያያዝ ሁለት ምንጮች አሉት። የመጀመሪያው በጎማውና በመንገዱ ሞለኪዩሎች መካከል ያለው መሳሳብ ነው። ጎማው ለስላሳ በመሆኑ ከአስፋልቱ ጥቃቅን ጉብታዎች ጋር እየተጣበቀ እውነተኛው የንክኪ ቦታ ይሰፋል። ይህ በደረቅ መንገድ ላይ ብርቱ ሲሆን፣ በመካከሉ ስስ የውኃ ሽፋን ሲገባ ይዳከማል።

ሁለተኛው ምንጭ ሂስተሪሲስ ይባላል። ጎማው በአስፋልቱ ላይ ጥቂት ሲንሸራተት እያንዳንዱ የጠጠር ጫፍ ወደ ጎማው ይሰምጣል። ጠጠሩ ካለፈ በኋላ ጎማው ወደ ቀድሞ ቅርፁ የሚመለሰው ዘግይቶ ነው። በመሆኑም ጎማው በጠጠሩ ፊት በኩል አጥብቆ ይገፋል፤ በኋላው በኩል ግን ገና ስላልደረሰ የሚገፋው በደካማው ነው። የሁለቱ ልዩነት እንቅስቃሴውን የሚቃወም ኃይል ይሆናል። ጎማውን ለማጠፍ የወጣው ጉልበት ሁሉ ስለማይመለስ ቀሪው ወደ ሙቀት ይለወጣል። እንግዲህ በፍሬንና በኩርባ ጊዜ የሚጠብቀን፣ ሌላ ጊዜ «ባከነ» የምንለው ጉልበት ነው።

ይህን አንባቢ በቀላል ሙከራ ሊያስተውለው ይችላል። ከጠንካራ ወለል ላይ በደንብ የምትነጥር ኳስ የተቀበለችውን ጉልበት አብዛኛውን ትመልሳለች፤ ወድቃ ባለችበት የምትቀር ኳስ ጉልበቱን ወደ ሙቀት ለውጣዋለች። መንገድን አጥብቆ የሚይዘው ጎማ ጠባዩ ወደ ሁለተኛዋ ኳስ ያደላል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ጎማ በቀጥተኛ መንገድ ላይ ሲንከባለልም ጉልበት ያባክናል፤ ይሞቃል፤ ነዳጅ ይበላል፤ ለስላሳ በመሆኑም ቶሎ ያልቃል። የጎማ መሐንዲሶች ዋና ችግር ይህ ነው።

የሙቀት ጉዳይ

ጥሬ ጎማ በሙቀት የሚቀልጥ፣ በብርድ የሚሰበር ቁስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1839 አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድየር ጎማን ከድኝ ጋር በማሞቅ ይህን ጠባይ መለወጥ እንደሚቻል አገኘ። የድኝ አተሞች ረጃጅሞቹን የጎማ ሞለኪዩሎች እንደ ድልድይ እርስ በርስ ያያይዟቸዋል። ድልድዩ ሲበዛ ጎማው ይጠነክራል፤ ሲያንስ ይለሰልሳል።

ቢሆንም የሙቀት ተጽዕኖ ጨርሶ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በጥር 1986 የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ቻሌንጀር በተነሳች በ73 ሰከንድ ስትጠፋ የአደጋው ምክንያት በብርድ ምክንያት የመመለስ ጠባዩን ያጣ የጎማ ቀለበት ሆኖ ተገኘ። የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን የዚያን ቀለበት ናሙና በሞርሳ አጣብቆ በበረዶ ውኃ ውስጥ በመንከር፣ ሲለቀቅ ቶሎ ወደ ቅርፁ እንደማይመለስ በምርመራው ጉባኤ ፊት አሳይቷል። የሞተር ብስክሌት ጎማም በዚሁ ሕግ ይገዛል። ከሚፈለገው በታች ሲቀዘቅዝ ይደርቅና በጠጠሮቹ መካከል ሊገባ አይችልም፤ ከሚገባው በላይ ሲሞቅ ደግሞ ላዩ ይላላና ይላጣል። እያንዳንዱ የጎማ ዓይነት በደንብ የሚሠራበት የሙቀት ክልል አለው።

የትኛውን ጎማ እንምረጥ?

ከዚህ ተነስተን ብዙ ወጣት ነጂዎች የሚያነሱትን አንድ አስተያየት ልንመረምር እንችላለን። «የእሽቅድምድም ጎማ ከሁሉ በላይ ይይዛል፤ ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ ደኅና ነው» ይባላል። ይህ አባባል እውነት የሚሆነው በእሽቅድምድም ሜዳ ላይ ብቻ ነው። የእሽቅድምድም ጎማ የተሠራው በማያቋርጥ ፍሬንና ኩርባ ለሚገኝ ከፍተኛ ሙቀት ነው። በሜዳው ላይ ጎማውን ከውድድሩ በፊት በኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ የሚጠቀልሉት ለዚህ ነው። ያው ጎማ በብርዳም ጠዋት በአውራ ጎዳና ላይ ቢነዳ የሚፈልገውን ሙቀት ሳያገኝ መንገዱ ያልቃል፤ የሚይዘውም ከተራው ጎማ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ጥርሱ ጥቂት ስለሆነም በዝናብ ጊዜ ውኃ ማስወገድ ያቅተዋል።

የስፖርት ቱሪንግ ጎማ ግን ለብርድም፣ ለዝናብም፣ ለረጅም ርቀትም እንዲሆን ተደርጎ የተቀመመ ነው። ለዚህ የረዱት ሁለት ግኝቶች ናቸው። አንደኛው ሲሊካ ነው። ጎማን ለማጠናከር ከጥንት ጀምሮ የካርቦን ጥላሸት ይጨመርበታል፤ የጎማ ጥቁረትም የመጣው ከዚሁ ነው። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከጥላሸቱ ብዙውን ክፍል ሲሊካ እየተካው መጥቷል። የሲሊካ ጥቅም የሚገለጸው በድግግሞሽ ነው። በሰዓት 100 ኪ.ሜ. የሚሄድ ጎማ በሰከንድ 14 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ስለዚህ ሲንከባለል የሚታጠፈው በዝቅተኛ ድግግሞሽ ነው። በፍሬን ጊዜ በጥቃቅን ጠጠሮች ላይ ሲንሸራተት ግን ላዩ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜና ከዚያም በላይ ይርገበገባል። ሲሊካ ያለበት ቅመም በዝቅተኛው ድግግሞሽ ጥቂት፣ በከፍተኛው ብዙ ጉልበት ያባክናል። ጎማው በማያስፈልግበት ጊዜ ይቆጥባል፤ በሚያስፈልግበት ጊዜ ይይዛል ማለት ነው።

ሁለተኛው ግኝት ከሞተር ብስክሌት ጠባይ የመነጨ ነው። ሞተር ብስክሌት በኩርባ ላይ ያጋድላል። በ60 ሜትር ራዲየስ ኩርባ ላይ በሰከንድ 20 ሜትር (በሰዓት 72 ኪ.ሜ.) ቢሄድ፣ የሚያጋድልበት ማዕዘን ታንጀንት 400 ለ588 ተካፍሎ 0.68 ነው፤ ማዕዘኑም 34 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በዚህ ጊዜ መንገዱን የሚነካው የጎማው መካከል ሳይሆን ትከሻው ነው። ኩርባውን ለመዞር ብቻ የሰበቃው ኮፊሸንት ከ0.68 ማነስ የለበትም። ስለዚህ አምራቾች መካከሉን ቶሎ በማያልቅ ጠንካራ ቅመም፣ ትከሻውን ደግሞ አጥብቆ በሚይዝ ለስላሳ ቅመም ይሠሩታል። በቀጥታው ጎዳና የሚሄድ ነጂ በጠንካራው ላይ፣ በኩርባ ላይ የሚያጋድለው በለስላሳው ላይ ይቀመጣል።

እንግዲህ ምርጫው የሚጀምረው ራስን በመጠየቅ ነው። የምነዳው በምን የአየር ጠባይ ነው? አብዛኛው መንገዴ ቀጥተኛ ነው ወይስ ጠመዝማዛ? ሰውና ጓዝ እጭናለሁን? መልሱ «ረጅም መንገድ፣ አልፎ አልፎ ዝናብ፣ ቅዳሜና እሑድ ተራራ» ከሆነ የስፖርት ቱሪንግ ጎማ የተሠራው ለዚህ ሰው ነው።

በጎማው ጎን የተጻፈው ምሥጢር

ለምሳሌ የታወቀውን የሆንዳ ቪ ኤፍ አር 800 ሞተር ብስክሌት እንውሰድ። የፊተኛው ጎማ «120/70 ዜድ አር 17 (58 ደብልዩ)»፣ የኋለኛው «180/55 ዜድ አር 17 (73 ደብልዩ)» የሚል ምልክት አለበት። 120 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው። 70 ደግሞ የጎማው ቁመት ከወርዱ 70 በመቶ፣ ማለትም 84 ሚ.ሜ. መሆኑን ያሳያል። «አር» የውስጡ ክሮች ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው በቀጥታ የተዘረጉ፣ ማለትም ራዲያል መሆናቸውን ይናገራል። 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። 58 እና 73 የክብደት መለያዎች ሲሆኑ 236 ኪ.ግ. እና 365 ኪ.ግ. መሸከም ይቻላል ማለት ነው። «ደብልዩ» በሰዓት እስከ 270 ኪ.ሜ. የሚደርስ ፍጥነትን ያመለክታል።

አንዳንዶች ለመልክ ሲሉ ከተፈቀደው የሰፋ ጎማ ያስገባሉ። ሰፊ ጎማ በጠባብ ቸርኬ ላይ ሲጨመቅ ክብነቱ ተዛብቶ መካከሉ ይሾላል፤ ሞተሩ ሲያጋድል የሚሰጠው ስሜትም ይለወጣል። ስለዚህ አምራቹ ከወሰነው ልክ መውጣት አይገባም። ከዚህም ሌላ «ዲ ኦ ቲ» ከሚለው ምልክት መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች ማንበብ ያሻል። 2324 ቢል ጎማው በ2024 (እ.ኤ.አ.) በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጎማ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ይደርቃል፤ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ያረጀ ጎማ አለ።

አሮጌው ጎማ መቼ ይቀየር? የጥርሱ ጥልቀት በጀርመን ሕግ ከ1.6 ሚ.ሜ.፣ በብሪታንያ ከ1 ሚ.ሜ. ማነስ የለበትም። በደረቅ አስፋልት ላይ የጥርሱ ስንጥቆች አያያዙን አይጨምሩም፤ ሥራቸው በዝናብ ጊዜ ውኃውን ከጎማው ሥር ማስወጣት ነው። በብዙ ቀጥተኛ ጉዞ የኋለኛው ጎማ መካከል ጠፍጣፋ ሲሆንም፣ ጥርሱ ገና ቢኖር እንኳ ሞተሩ ማጋደል ሲጀምር እንደ ደረጃ ያለ ጠርዝ ይሰማል። ይህም የመቀየሪያ ጊዜ መድረሱን ያሳያል።

ሸክሙን የሚሸከመው አየር

በአየር የተነፋ ጎማን ስኮትላንዳዊው ሮበርት ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1845 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበት ነበር። በኋላም በቤልፋስት ከተማ የእንስሳት ሐኪም የነበረው ጆን ቦይድ ደንሎፕ እ.ኤ.አ. በ1888 እንደገና አስፋፋው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጎማ የምንለው በእርግጥ አየር የያዘ ከረጢት ነው።

የጎማ መለኪያ የሚያነበው በውስጥና በውጭ ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። የጋዝ ሕግ ግን የሚሠራው ከባዶ በሚቆጠረው ሙሉ ግፊትና በኬልቪን የሙቀት ልክ ነው። በባሕር ጠለል ላይ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 2.5 ባር የሚያነብ ጎማ ሙሉ ግፊቱ 3.51 ባር ነው። በጉዞ 60 ዲግሪ ቢደርስ 3.51 በ333 ተባዝቶ ለ293 ሲካፈል 3.99 ባር ይሆናል፤ መለኪያው 2.98 ያነባል። ይህን አይቶ «በዛ» ብሎ አየር የሚያስተነፍስ ነጂ ጎማው ሲቀዘቅዝ ከልክ በታች ሆኖ ያገኘዋል። ግፊት የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ ነው የሚባለው ስለዚህ ነው።

ለእኛ ለደገኞች ደግሞ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። በአዲስ አበባ ከፍታ የከባቢው አየር ግፊት 0.77 ባር ያህል ነው። እዚህ በ2.5 ባር የተነፋ ጎማ ሙሉ ግፊቱ 3.27 ነው። ሙቀቱ ሳይለወጥ ወደ ጅቡቲ የባሕር ዳርቻ ቢወርድ መለኪያው 2.26 ብቻ ያነባል። ነገር ግን ቆላው ሞቃት ነው። የአየሩ ሙቀት ከ15 ወደ 35 ዲግሪ ቢያድግ ሙሉ ግፊቱ ወደ 3.50 ስለሚወጣ መለኪያው 2.49 ያነባል። የከፍታውና የሙቀቱ ለውጥ ሊጣፉ ምንም አልቀራቸውም።

በቤት ውስጥ መቀየር

ለሥራው የሚያስፈልጉት ሞተሩን አንስቶ የሚይዝ መቆሚያ፣ ጫፋቸው የለዘበ ሦስት የጎማ መፈንቀያ ብረቶች፣ የቸርኬ ጠርዝ መከላከያ፣ የቫልቭ መፍቻ፣ የሳሙና ውኃ ወይም የጎማ ቅባት፣ ኮምፕሬሰር ከነመለኪያው፣ የመጥበቂያ ኃይልን የሚለካ ቁልፍና የዓይን መከላከያ መነጽር ናቸው። የሞተር ዘይት ወይም ግሪስ ቅባት እንዲሆን መጠቀም ክልክል ነው፤ ጎማውን ይጎዳል፤ በቸርኬው ላይም ያንሸራትተዋል።

መንኮራኩሩን ማውጣት። የፔርኖው ዳዶ ሞተሩ ገና መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ይላላል፤ ከተነሳ በኋላ መታገል ሞተሩን ይጥላል። የፍሬኑ መያዣ ሲፈታ በቱቦው እንዳይንጠለጠል በገመድ ይታሰራል። ከፔርኖው የሚወጡት ቀለበቶች በወጡበት ቅደም ተከተል ይቀመጣሉ። ፍሬኑ በወጣበት ጊዜ የፍሬኑ መያዣ እጀታ አይጨበጥም።

ማላቀቅ። ከቫልቩ ውስጥ መርፌው ወጥቶ አየሩ ሙሉ በሙሉ ይተነፍሳል። ከቸርኬው ጋር የሚገጥመውን የጎማ ጠርዝ «ከንፈር» እንበለው። ከንፈሩ ከመቀመጫው ጋር አጥብቆ ስለሚጣበቅ ለማላቀቅ ብዙ ሺህ ኒውተን ያስፈልጋል። እዚህ ላይ መፈንቅል ይረዳናል። 1.8 ሜትር ርዝመት ያለው ጣውላ አንዱ ጫፉ በማይነቃነቅ ነገር ሥር ተደግፎ፣ ከዚያ ጫፍ 30 ሳ.ሜ. ርቆ በቆመ የእንጨት ጉማጅ ከንፈሩን ቢጫን፣ በሌላው ጫፍ የሚጫን የ70 ኪ.ግ. ሰው ክብደት በ6 ይባዛል። 686 ኒውተን 4,116 ኒውተን ይሆናል። መንኮራኩሩ ሲጋደም የፍሬኑ ዲስክ ሸክም እንዳይነካው ከሥሩ ሁለት እንጨት ይደረጋል።

ማውጣት። ጀማሪዎች የሚታገሉት እዚህ ላይ ነው። በከንፈሩ ውስጥ የማይለጠጥ የብረት ሽቦ ቀለበት አለ። የቸርኬው ጠርዝ ደግሞ ከቀለበቱ ይበልጣል። ታዲያ ትንሹ ቀለበት ትልቁን ክብ እንዴት ያልፋል? ምሥጢሩ በቸርኬው መካከል ባለው ዙሪያ ገጠም ጎድጓዳ ውስጥ ነው። የከንፈሩ መቀመጫ ራዲየስ 1 አሐድ፣ የጠርዙ ከፍታ ከመቀመጫው «ሀ»፣ የጎድጓዳው ጥልቀት «ለ» ይሁን። በአንድ ወገን ከንፈሩ ወደ ጎድጓዳው ሲወርድ ቀለበቱ በሙሉ በ«ለ» ያህል ይንሸራተታል፤ በተቃራኒው ወገን ከመቀመጫው በ«ለ» ያህል ከፍ ይላል። «ለ» ከ«ሀ» ስለሚበልጥ ቀለበቱ ጠርዙን ያልፋል። የሸሚዝ ቁልፍ ከጠባብ ቀዳዳው የሚያልፈው አንዱን ወገን አስቀድሞ እንደሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ፈንቃዩ በአንድ በኩል ብረቱን ሲያነሳ፣ በተቃራኒው በኩል ከንፈሩን በጉልበቱ ወደ ጎድጓዳው መጫን አለበት። በየጊዜው ከ4 እስከ 5 ሳ.ሜ. ብቻ መውሰድ ይበቃል። ብረቱ እምቢ ሲል ተጨማሪ ኃይል መጠቀም ሽቦውን ይበጥሳል ወይም ቸርኬውን ያጣምማል። እምቢታው ከንፈሩ በሌላ ወገን ከጎድጓዳው መውጣቱን የሚያመለክት ስለሆነ፣ ያን ጊዜ ብረቱን ትቶ ተቃራኒውን ወገን መመልከት ይሻላል።

ማስገባት። ቸርኬው ይጸዳል፤ ስንጥቅ እንደሌለው ይታያል፤ ቫልቩ በአዲስ ይተካል። በጎማው ጎን ያለው ቀስት ወደ መንኮራኩሩ መዞሪያ ማመልከት አለበት። ቀላሉን ወገን የሚያሳይ ነጥብ ካለ ከቫልቩ ጋር ይገጥማል። ሁለቱ ከንፈሮች በሳሙና ውኃ ይቀባሉ፤ ሥራውም በተመሳሳይ ሕግ ይከናወናል። በአገራችን የተለመዱት ባለ ሽቦ መንኮራኩሮች ከመነዳሪ ስላላቸው፣ ብረቱ ከመነዳሪውን ቆንጥጦ እንዳይበሳው በጥቂቱ ነፍቶ ማስገባት ይረዳል።

መንፋት። አየር ሲገባ ከንፈሮቹ ሁለት ጊዜ ብርቱ ድምፅ እያሰሙ ቦታቸውን ይይዛሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። የኋለኛው ጎማ 15 ሊትር አየር በ3 ባር ቢይዝ፣ የተከማቸው ጉልበት በግምት 3,800 ጁል ነው። ይህ የ70 ኪ.ግ. ሰውን ከ5 ሜትር በላይ ወደ ላይ ለማንሳት የሚበቃ ነው። ከንፈሩ በተሳሳተ ቦታ ላይ ሳለ ቢበጠስ ይህ ሁሉ በቅጽበት ይለቀቃል። ስለዚህ አምራቹ ከጻፈው ግፊት በላይ አይነፋም፤ ፊትና እጅ ከመንኮራኩሩ ይርቃሉ፤ ከንፈሩ እምቢ ካለ አየሩን አስተንፍሶ እንደገና መቀባት ነው። ቤንዚን ወይም ሌላ ተቀጣጣይ ጋዝ ለኩሶ ከንፈርን ማስያዝ የሚሞክሩ አሉ፤ ይህ ፍንዳታ እንጂ ጥበብ አይደለም። በመጨረሻም በከንፈሩ ዙሪያ ያለው ቀጭን መስመር ከቸርኬው ጠርዝ እኩል መራቁ ይታያል።

ሃያ ግራም ምን ያደርጋል?

አዲስ ጎማ በዙሪያው ፍጹም እኩል ክብደት የለውም። በቸርኬው ጠርዝ ላይ፣ ከመዞሪያው 0.216 ሜትር ርቀት፣ የ20 ግራም ትርፍ አለ እንበል። በሰዓት 100 ኪ.ሜ. የማዕዘን ፍጥነቱ በሰከንድ 93 ራዲያን ያህል ነው። ወደ ውጭ የሚጎትት የሚመስለው ኃይል የመጠነ ቁሱ፣ የራዲየሱና የማዕዘን ፍጥነቱ ካሬ ብዜት ሲሆን 37 ኒውተን ይደርሳል። የ4 ኪሎ ግራም ሸክም ያህል ኃይል በሰከንድ ከ14 ጊዜ በላይ ወደ ላይና ወደ ታች ይመታል ማለት ነው። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲያድግ ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። መንኮራኩሩ ያለ ፍሬን በነጻ እንዲዞር በሁለት እኩል መደገፊያዎች ላይ በፔርኖው ይቀመጣል። የመሬት ስበት ከባዱን ወገን ወደ ታች ያወርደዋል። በተቃራኒው ወገን ትናንሽ ክብደቶች እየተለጠፉ መንኮራኩሩ በየትኛውም ቦታ ሲተዉት እስኪቆም ይሞከራል። የሞተር ብስክሌት መንኮራኩር ጠባብ በመሆኑ ይህ ዘዴ ይበቃዋል።

ከመነሳት በፊት

መንኮራኩሩ ሲመለስ እያንዳንዱ ብሎን በመመሪያው በተጻፈው ልክ ይጠብቃል፤ የሰንሰለቱ ልልነትም ይታያል። ከዚያ ሞተሩ ሳይነሳ የፍሬኑ እጀታ እስኪጠነክር ድረስ ደጋግሞ ይጨበጣል። ፍሬኑ ሲወጣ ፒስተኖቹ ወደ ኋላ ስለተገፉ የመጀመሪያው ጭበጣ ባዶ ነው። ይህን የረሳ ነጂ ባዶነቱን የሚያውቀው በመጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ ላይ ይሆናል።

የአዲስ ጎማ ላይ ለስላሳና አንጸባራቂ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ከ100 እስከ 150 ኪ.ሜ. ኃይለኛ ፍሬንና ብዙ ማጋደል አይገባም። ላዩ በመንገዱ ከተፋቀና ጎማው በቸርኬው ላይ ከተደላደለ በኋላ ጠባዩን ያሳያል። የመጥበቂያ ኃይል መለኪያ የሌለው፣ ቸርኬው የተሰነጠቀበት ወይም ከንፈሩ በተፈቀደው ግፊት አልያዝ ያለው ሰው ሥራውን ወደ ባለሙያ መውሰድ ይኖርበታል።

በጠቅላላው ሲታይ፣ ጥሩ ጎማ ማለት ብዙ የሚይዝ ብቻ ሳይሆን በምንነዳበት ሙቀት፣ መንገድና ፍጥነት ሊይዝ የሚችል ነው። ጥሩ ቅየራም ቁሱ የሚታጠፍበትንና የማይለጠጥበትን ቦታ ለይቶ በዚያው መሠረት መሥራት ነው። ኃይል፣ ግፊት፣ ሙቀትና ክብ እንቅስቃሴ በፈተና ወረቀት ላይ በየክፍላቸው ተለያይተው ይቀርባሉ። በአንድ ጎማ ውስጥ ግን በአንድነት ይሠራሉ። አንባብያንም በአካባቢያቸው ወዳለው ጎሚስታ ቀረብ ብለው ከንፈሩ ወደ ጎድጓዳው ሲወርድ ቢመለከቱ፣ በክፍል የተማሩት ሕግ በባለሙያው እጅ ሲሠራ ያዩታል።